የሄዱትን የማይቆጥር ኮታ፦ የአሜሪካ ሶሮሪቲዎች አዲስ አባል የሚከፋፈሉበት ስሌት

ኮታ የሚለውን ቃል የእኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል። የቀበሌ ስኳር ኮታ ነበረው፤ ዘይትም እንዲሁ። በዚያ ዓይነቱ ኮታ የሚታደለው መጠን አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሰው የሚሰለፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሰልፉ ጭራ ያለው ደግሞ ዘንቢሉን ባዶውን ይዞ ይመለሳል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሶሮሪቲ የሚባሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበራት የሚተዳደሩበት ኮታ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ይሰለፋሉ። ከሰልፉ ብዙዎች ይቀነሳሉ፣ ሌሎችም ተስፋ ቆርጠው ይወጣሉ። ቁጥሩ የሚወጣው በመጨረሻው ምሽት፣ እስከዚያ የቆዩት ብቻ ተቆጥረው ነው።

ጉዳዩ ከግቢ አጥር ወጥቶ የዓለም ወሬ የሆነው በቲክቶክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዕለቱን ልብሳቸውን እያሳዩ የቀረጿቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በሚሊዮኖች ታዩ። ከዚያ ወዲህ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ያው ወሬ ይነሳል። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ አምባሩ፣ ስለ ጫማው ብዙ ተባለ። ስለ ቁጥሩ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው፤ እኔን የሚስበኝ ደግሞ እሱ ነው። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ የምትስቀውና የምታለቅሰው በአብዛኛው በዚያ ስሌት ምክንያት ነውና።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ሶሮሪቲ በግሪክ ፊደላት ስም የሚጠራ የእህትማማችነት ማኅበር ነው። የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ምሥጢር፣ ብዙ ጊዜም አባላቱ አብረው የሚኖሩበት ቤት አለው። ከሁሉ ቀደምት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1851 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ሜከን ከተማ በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ተመሠረተ። አብዛኞቹ ሌሎች ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተከታተሉ። ዛሬ ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ ናሽናል ፓንሄለኒክ ኮንፈረንስ በሚባል ኅብረት ሥር ናቸው። የኮታው ሕግ የሚወጣውም እዚያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ1972 በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የከለከለው የፌዴራል ሕግም ቢሆን ማኅበራቱ ሴቶችን ብቻ እንዲቀበሉ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገ ማሻሻያ ነጻ ትቷቸዋል።

ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1902 በቺካጎ ከተማ ሲመሠረት የተሰበሰቡት ሰባት ማኅበራት ነበሩ። የሰበሰባቸው ችግር ሽሚያ ነው። አዲስ ተማሪ ግቢ ስትገባ እያንዳንዱ ማኅበር ሌላው ሳይቀድመው ሊይዛት ይሮጣል፤ ገና ኮሌጅ ያልገቡትን ሳይቀር ቃል የሚያስገቡ ነበሩ። ቅበላው እስከ ዛሬ «ራሽ» ተብሎ የሚጠራው ከዚያ ጥድፊያ የተነሳ ነው። እንግዲህ ደንቡ፣ ኋላም ኮታው፣ በተወዳዳሪዎች መካከል የተደረገ ውል ነው። የተፈለገውም ትልቁ ቤት ትንሹን እንዳይውጠው ነው። ለተማሪዋ የሚያስገኘው ጥቅም ካለ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ይህን ካልያዝን የቀረው ስሌት ግራ ያጋባናል፤ ለምን «የሚበቃችሁን ያህል ተቀበሉ» አይባልም? ለምን አንድ ማኅበር የሚፈልጋትን፣ እሷም የምትፈልገውን፣ ሁለቱ ተስማምተው ሳለ ሕጉ መካከላቸው ይገባል?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሥር ቤት ባለበት ግቢ ተማሪዎቹ በነጻ ቢለቀቁ አብዛኞቹ ስሙ ወደገነነው ሁለትና ሦስት ቤት ይጎርፋሉ። የቀሩት ቤቶች በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ። ቤት ሲባል ደግሞ በአነጋገር ብቻ አይደለም፤ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ የባንክ ዕዳ ያለበት ሕንፃ ነው። አልጋው ካልሞላ ዕዳው አይከፈልም። ስለዚህ ኮታ ማለት በቋንቋችን ሲፈታ «ከዚህ በላይ አትውሰዱ፤ የተረፈው ለጎረቤት ይድረስ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንግባ። በመጀመሪያው ዙር ተመዝጋቢዎቹ ሁሉንም ቤት ይጎበኛሉ፣ ወይም ከወረርሽኙ ወዲህ በብዙ ቦታ እንደተለመደው በቪዲዮ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ከዚያ በየማታው ሁለት ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ቤቶቹ ማንን መልሰው እንደሚጋብዙ ይጽፋሉ፣ ተማሪዎቹም ቤቶቹን በቅደም ተከተል ያሰፍራሉ። በነጋታው እያንዳንዷ የደረሳትን የጥሪ ወረቀት ትቀበላለች። የምትጎበኛቸው ቤቶች በየዙሩ እያነሱ ሄደው በመጨረሻው ምሽት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይቀራሉ። ይህ ምሽት «ፕሪፈረንስ» ይባላል፤ ሻማ የሚበራበት፣ እንባ የሚፈስበት ነው። ከዚያ እንደወጣች የመጨረሻ ምርጫዋን አስፍራ ትፈርማለች። ፊርማው ያስራል፦ ከጻፈቻቸው ቤቶች አንዱ ጠርቷት አልፈልግም ብትል፣ በዚያ ግቢ እስከሚቀጥለው ዓመት ዋና ቅበላ ድረስ ሌላ የኅብረቱ ሶሮሪቲ ሊቀበላት አይችልም።

ኮታው የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። መነሻው የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ እስከ መጨረሻው ምሽት የቆዩት ተማሪዎች ብዛት ለቤቶቹ ብዛት ይካፈላል። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው። ኅብረቱ የሚመድበው የስሌት ባለሙያ ዝርዝሮቹን ይዞ ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ እያደረገ ይሞክራል፤ ብዙ ተማሪ ምርጫዋን የምታገኝበትን፣ ብዙ ቤትም የሚሞላበትን ቁጥር ይፈልጋል። በድሮው አሠራር ቁጥሩ በሳምንቱ መካከል ይታወጅ ነበር፤ አሁን የሚቆረጠው ሁሉም ከፈረመ በኋላ ነው።

ይሁንና እውነተኛው ሥልጣን በኮታው ላይ አይደለም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ፣ በየዙሩ እያንዳንዱ ቤት ስንት ተማሪ መልሶ መጋበዝ እንደሚችል የሚወስን ሌላ ስሌት አለ። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «አር ኤፍ ኤም» ይሉታል። ይህ ቁጥር ለሁሉም ቤት እኩል አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት የጋበዘቻቸው ተማሪዎች ምን ያህሉ እንደተመለሱላት ታይቶ ለየቤቱ ለብቻ ይሰላል።

በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ የራሴ ናቸው። አሥር ቤት አለ እንበል። የተመዘገቡት 1,000፣ እስከ መጨረሻው ምሽት የቆዩት 700 ናቸው። ኮታው 70 ይሆናል። እያንዳንዷ ሁለት ቤት ስለምትጎበኝ በዚያ ምሽት የሚከፋፈለው ወንበር 1,400 ነው፤ በአማካይ ለአንድ ቤት 140። ነገር ግን ስሟ የገነነው ቤት ከጋበዘቻቸው አሥር ተማሪዎች ዘጠኙ አንደኛ አድርገው ይጽፏታል። ስለዚህ 70 ለማግኘት 78 ያህል ብትጋብዝ ይበቃታል። ከአሥር አራቱ ብቻ አንደኛ የሚያደርጓት ቤት ግን 70 ለማግኘት 175 መጋበዝ አለባት። ስሌቱ ለሁለተኛዋ በሩን ይከፍታል፣ ለመጀመሪያዋ ያጠብባል። ይህ ደግሞ በመጨረሻው ምሽት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ማታ ይጀምራል። ተወዳጇ ቤት በሁለተኛው ቀን ገና መቶዎችን ማሰናበት ይኖርባታል፤ ደካማዋ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሳ ትጠራለች።

ለምን እንዲህ ተደረገ? በቀድሞው ጊዜ ትልቁ ቤት ማንንም ማሰናበት አይፈልግም ነበር። መቶዎችን እስከ መጨረሻው ያስከትላል፣ ልጆቹም እሱን ተስፋ አድርገው ሌሎቹን ይተዋሉ፣ በመጨረሻው ምሽት ኮታው ሲሞላ የተረፉት ሜዳ ላይ ይቀራሉ። አዲሱ ስሌት ያመጣው ነገር በእኛ አባባል ቁርጥን ቶሎ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ፈጣሪዎቹን አመሰግናለሁ፤ በአምስተኛው ቀን ከመጣል በሁለተኛው ቀን መቀነስ ይሻላል። በተጨማሪም እስከ መጨረሻው ቆይታ የተፈቀደላትን ምርጫ ሁሉ የጻፈች ተማሪ፣ ስሌቱ ቤት ባያገኝላት ከኮታ በላይ ተጨምራ ትመደባለች። አንድ ቤት ብቻ ጽፋ ሌላውን የተወች ግን ይህ ዋስትና የላትም።

ስለ አንድ ቤት መጻፍ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ለእኔ የሚጣፍጠው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልቪን ሮት ከሱዛን ሞንጌል ጋር ሆኖ የሶሮሪቲ ድልድልን የሚመረምር ጥናት አሳተመ። ድልድሉ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። ሁለቱ እንዳሳዩት ደንቡ በወረቀት ላይ ሲታይ መፍረስ የነበረበት ነው፤ እውነተኛ ምርጫዋን በሙሉ የጻፈች ተማሪ ልትጎዳ ትችላለች። ያላፈረሰው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ አንድ ቤት ብቻ ጽፈው ሌላውን ባዶ ይተዉ ነበር። በግቢው ቋንቋ ይህ «ራስን ማጥፋት» ይባል ነበር፤ አሁን ለስለስ ያለ ስም ሰጥተውታል። ሮት በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት መስክ ይኸው የድልድል ጥናት ነው።

አሜሪካ መጥተው የሕክምና ስፔሻላይዜሽን የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ይህን መስክ በሥጋቸው ያውቁታል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ሐኪሙን ከሆስፒታል የሚያገናኘው «ማች» የሚሉት አሠራር ዘመድ ነው፤ የአሁኑን መልኩን የሰጠውም ሮት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሐኪሙ ልቡ የፈቀደውን በቅደም ተከተል ቢጽፍ ይሻለዋል፤ በብልጠት የሚያተርፈው ነገር እምብዛም የለም። ዝርዝሩም ቃለ መጠይቅ የሰጡትን ሁሉ ይይዛል። የሶሮሪቲ ተማሪ ግን የምትጽፈው ሁለት ስም ነው። ኮምፒውተሩ ለመደልደል ሲነሳ ምርጫዋ ቀድሞ በየማታው ተቆርጦ አልቋል። ድልድሉ ልብስ ስፌት ከሆነ፣ ጨርቁ የተቀደደው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል። ቅበላው ሲያልቅ ማኅበራቱ በኩራት የሚናገሩት ነገር አለ፦ እስከ መጨረሻው ቆይተው ምርጫቸውን ሁሉ ከጻፉት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤት አገኙ። እውነት ነው፤ በደንቡ መሠረት ሊሆን የሚገባውም እሱ ነው። ነገር ግን በምሳሌዬ ውስጥ የነበሩት ተመዝጋቢዎች 1,000 ነበሩ። ሦስት መቶዎቹ የት ደረሱ? ጥቂቶቹ ሁሉም ቤት አሰናብቷቸዋል። ሌሎቹ የሚከፈለውን ገንዘብ ሲሰሙ ወጥተዋል፤ በትልልቅ ግቢዎች በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የቀሩት በሦስተኛው ቀን ወረቀታቸውን ገልጠው የወደዷቸው ቤቶች ሁሉ ሲጠፉባቸው «በቃኝ» ብለው ሄደዋል። መዝገቡ ላይ እነዚህኞቹ የሚጻፉት «በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች» ተብለው ነው። አካፋዩ ቤቶቹ ናቸው፣ ተካፋዩ የቆዩት፤ የሄዱት በስሌቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። እንዲያውም ብዙ ሲወጡ ኮታው ያንሳል እንጂ ማንም አልጎደለም።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያው ማታ ጥድፊያ ነው። ተወዳጇ ቤት መቶዎችን በሁለተኛው ቀን እንድታሰናብት ስሌቱ ካስገደዳት፣ በምን ትመዝናቸዋለች? ያወራቻቸው ለደቂቃዎች ነው፤ ከዚያም ለአንዳንዷ ያወራቻት አንዲት አባል ብቻ ናት። ስለዚህ የምትመዝነው ከሳምንቱ በፊት በምታውቀው ነገር ነው፦ በፎቶ፣ በትምህርት ቤት ስም፣ ከቀድሞ አባል በመጣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ «እናቷም እህታችን ናት» በሚል። ከ2020 ወዲህ በርካታ ማኅበራት ለአባላት ልጆችና እህቶች ይሰጡ የነበረውን ቅድሚያ ትተዋል፤ የድጋፍ ደብዳቤም በብዙ ቦታ ግዴታነቱ ቀርቷል። ትውውቅ ግን በደንብ አይሻርም። እናቷ ኮልፌ ወይም ባሕር ዳር ያደገች፣ ራሷ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የተማረች ልጅ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ቱስካሉሳ ስትደርስ ስሟን ቀድሞ የሰማ ሰው ከየት ታገኛለች? ስሌቱ እሷን ለይቶ አልጎዳም። የማይታወቅ ሰው ራሱን የሚያሳውቅበትን ጊዜ ነው ያሳጠረው፤ ጊዜ ደግሞ ለማይታወቅ ሰው ብቸኛ ሀብቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ቱስካሉሳ ከመጣን የ2013ቱን ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የክፍለ ግዛቱ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ የቆመበት በር የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በር ነው። ከዚያ 50 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2013፣ «ክሪምሰን ዋይት» የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ አንድ ዘገባ አወጣ፤ ውጤቷም ሥራዋም የሚያኮራ አንዲት ጥቁር ተማሪ በግቢው 16 የኅብረቱ ሶሮሪቲዎች በሙሉ ተሰናብታለች፤ ሊቀበሏት የፈለጉ ተማሪዎች ነበሩ፣ ያገዷቸው የቀድሞ አባላት የሆኑ ሴቶች ናቸው የሚል ነበር። ስሌቱ በዚያ ዓመትም ሳይሳሳት ሠርቷል። የተሰጠውን ዝርዝር ተቀብሎ አካፍሏል። ዝርዝሩ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ግን ሥራው አይደለም።

የሚገርመው መፍትሔው የመጣበት መንገድ ነው። ከኮታ ጎን ለጎን የምትሄድ «ቶታል» የምትባል ሌላ ቁጥር አለች። ኮታ በዚያ ሳምንት የሚወሰዱት አዲሶች ልክ ናት፤ ቶታል ደግሞ የቤቱ ጠቅላላ አባላት ጣሪያ። ቶታል የሞላበት ቤት ከዋናው ቅበላ ውጭ አዲስ ሰው መጥራት አይችልም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጁዲ ቦነር ቅሌቱ በወጣ በቀናት ውስጥ ቅበላው እንደገና ክፍት እንዲሆን አዘዙ፤ ቶታልም ወደ 360 ከፍ ተደረገ። ቦታ ተገኘ፤ ጥቁር ተማሪዎችም ጥሪ ደረሳቸው፣ የተቀበሉም ነበሩ። እስከ ትናንት «ሞልቷል» ይባል የነበረው ቤት ዛሬ በአንድ ትእዛዝ ሰፋ። ቁጥሩ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም፤ የሰዎች ስምምነት ነበር፣ ሰዎችም ሲፈልጉ ቀየሩት። ዛሬ በዚያ ግቢ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ሴቶች ይመዘገባሉ፤ ከ400 በላይ አባላት ያሏቸው ቤቶችም አሉ። አራት መቶ እህት! የስንቱን ስም ማን ይይዛል? ቤቶቹ ከዚህ ሲያልፉ ትክክለኛው መንገድ አዲስ ማኅበር ወደ ግቢው ማስገባት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ድምፅ የሚሰጡት ነባሮቹ ቤቶች ናቸው፤ ተወዳዳሪ የሚጨመርባቸውም እነሱ።

ኮታ የሌለበት ዓለምም አለ፤ ከኢትዮጵያውያን ሠፈር በእግር የሚደረስ ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908 አልፋ ካፓ አልፋ፣ በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ፣ በ1920 ዜታ ፋይ ቤታ ተመሠረቱ፤ የጥቁር ሴቶች ማኅበራት ናቸው። ካማላ ሃሪስ የመጀመሪያዋን የተቀላቀለችው እዚያው ግቢ ሳለች ነው። እነዚህ በነሐሴ አይሮጡም፤ ማካፈልም ማባዛትም የለባቸውም። ፈላጊዋ ቆይታ፣ ሥራዋን አሳይታ፣ ራሷ ታመለክታለች። በአንድ ግቢ አዲስ አባል ሳይወሰድ የሚያልፍ ዓመትም ይኖራል፤ የሚገቡትም ጥቂት ናቸው። ይህ የበለጠ ፍትሐዊ ነው ለማለት አልደፍርም፤ በዝግ በር የሚመረጥ ምርጫ የራሱ ጣጣ አለው። ግን አባልነቱ ለዕድሜ ልክ ነው ስለሚሉ አይቸኩሉም፤ የሚሞላ የአልጋ ዕዳም ብዙ ጊዜ አያስጨንቃቸውም።

ወደ አላባማ ልመለስ። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጆቹ በብራያንት-ዴኒ የእግር ኳስ ስታዲየም ተሰብስበው ፖስታቸውን በአንድ ጊዜ ይከፍታሉ፤ ከዚያ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። ካሜራው ሁሉ እዚያ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት፣ ካሜራው ከሄደ በኋላ፣ የየግቢው ቶታል እንደገና ይሰላል፤ አዲሶቹ ተጨምረው አማካዩ ወይም መካከለኛው ቁጥር ይወሰዳል። ከዚያ በታች የሆኑ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ያለ ኮታ፣ ያለ ዙር፣ ያለ ሻማ የፈለጉትን መጥራት ይፈቀድላቸዋል። ስልክ ይደወላል፣ ቡና እንጠጣ ይባላል። የሚደወልላቸውም አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ወረቀታቸውን አጥፈው የወጡት፣ ያ ኮታ ያልቆጠራቸው ልጆች ናቸው።